ስለ ተከሳሿ ጽጌረዳ፣ ለጣቢያው አዛዥ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፣
ካሉበት (ይኸውም ከቤቴ በአንድ ግንብ ርቀት)፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ እንዴት ነው? በተለይ ቀኝ ክንድዎን ስጠይቅ ከልቤ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ያለ ዕረፍት ስለ ሠራ ሳይዝል አልቀረምና፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምረው ቢነክሩት ይሻለዋል። ውሃ በእርስዎ በኩል እንደማይቸግር አውቃለሁ፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

እኔ ከጣቢያው ጀርባ ግንብ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤትዎ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ቁስል ሳጥብና ስፌት ስፈታ ኖሬ ጡረታ ስለ ወጣሁ፣ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይለኛል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት እርስዎን ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም። ከዚህ በፊት አቤቱታዬን በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ ለጸሐፊዎ ሰጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ «አዛዡ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ። ሰው ስብሰባ ሲያበዛ የማንበቢያ ጊዜ ያጣልና፣ በእርስዎ ፈንታ የሚያነብልዎ እንዲኖር በመድኃኒት ቤቱ በር፣ በዳቦ ቤቱ መስኮትና በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የዚህን ሰፈር ቧንቧ ሁሉ ሲጠግን የኖረው ቧንቧ ሠራተኛ በዚህ ሰዓት ሆስፒታል ተኝቷል፤ እግሩ ከአልጋው ብረት ጋር በሰንሰለት ታስሯል። የቀኝ እጁ አራት ጣቶችና ሦስት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ነገ ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ክሱም ከሕግ ጥበቃ ሥር ለማምለጥ መሞከር ነው። እርስዎ ፈርመው ያቀረቡት ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ተጠርጣሪው ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተኩል በጓሮ በኩል ባለው ግንብ ላይ ወጥቶ ለማምለጥ ሲሞክር፣ በግንቡ ላይ በሚገኝ እሾሃማ ሐረግ ጽጌረዳ ተጠልፎ ወደ ውስጥ ተመልሶ በመውደቁ፣ በፊቱ፣ በጀርባውና በእጁ ላይ ጉዳት ደርሶበታል።» ዳኛዋ ይህን ካመኑ እሱ ወህኒ ይወርዳል፤ የመታው ሰው ደግሞ ነገም እንደ ወትሮው ቢሮው ይገባል። የጽጌረዳዋ ባለቤት እንደ መሆኔም «ቃሉ እውነት ነው» ብዬ የምፈርምበት አንድ ባዶ መስመር ተልኮልኛል። መስመሩ ስላልበቃኝ ይህን ሁሉ ወረቀት ፈጅቻለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ የተከሳሿን አስተዳደግ በተመለከተ።

ጽጌረዳዬን የተከልኋት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሰው ጽጌረዳ የሚተክለው ለውበት ነው ይባላል፤ እኔ ግን የተከልኋት በጣቢያዎ ምክንያት ነው። ከግንቡ ወዲያ ያለው ክፍል መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሦስት የአየር ቀዳዳዎች ብቻ አሉት። ከነዚያ ቀዳዳዎች የሚወጣው ድምፅ ልብስ ሳሰጣ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ሬዲዮ ስከፍት እየተከተለ አስቸገረኝ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ድምፅ ይውጣል ብለው መከሩኝና ግንቡን የምታለብስልኝ ተክል ፈለግሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጽጌረዳዬ ሥራ የጀመረችው የእርስዎ ባልደረባ ሆና ነው። እናንተ ታስጮኻላችሁ፣ እሷ ትሸፍናለች፣ እኔ ደግሞ ሽንኩርቴን እልጣለሁ።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከጓዳው በር ተነሥታ እስከ ውጭው በር የምትሄደው ያንን ግንብ በእጇ እየዳሰሰች ነው። እናም ችግኝ ሻጩን እሾህ የሌላት ጽጌረዳ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ፣ እሾህ የሌላት ጽጌረዳ መፈለግ ነገር የማትወድ አማት እንደ መፈለግ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሦስት ሳምንት አመላልሶኝ በመጨረሻ ግን አመጣልኝ፤ ዘሯ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ዘንጓ እንደ ተላገ እንጨት ልስልስ ያለ፣ አበባዋ የቅቤ ቀለም ያለው ነበር።

እንዴት እንደምታድግ ቢያውቁ ይጠቅምዎታል ብዬ አስባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መቀስ አይነካትም፤ ሥር ትስደድ፣ ትጠንክር ተብላ ትተዋለች። ከዚያ በኋላ ዘንጓን ሽቅብ ከለቀቋት ጫፏ ላይ ብቻ ታብብና ለጎረቤት ጣሪያ ውበት ትሆናለች። ገና ለስላሳ ሳለች ቀስ አድርገው አጋድመው ካሰሯት ግን በየአንጓዋ ቡቃያ ታወጣለች፤ ግንቡ ከዳር እስከ ዳር አበባ ይሆናል። ማሰሪያው የአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ነው፤ ሽቦ ይቆርጣታል። ቋጠሮውም ጣት እንዲያስገባ ሆኖ ላላ ይላል። ከግንቡ ወዲያ እናንተም ሰው አጋድማችሁ እንደምታስሩ፣ እንዲያብብላችሁ የምትጠብቁትም የእምነት ቃል እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ በእኔ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሳልተው አስሬ አላውቅም።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ልድገመው፦ ተከሳሿ እሾህ የላትም። አንድም። እህቴ ሰባት ዓመት ሙሉ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ እጇን ስታሳልፍባት አንዲት ጭረት አላጠብሁም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ በሕይወት ቆይቼ ዳዋው ራሱ በአይጡ ፊርማ ሲከሰስ ለማየት መብቃቴን ግን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ሰውን ከደበደቡ በኋላ የሚያመካኙበትን ነገር ወጣ ብለው አንድ ጊዜ በእጅዎ ቢነኩት ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልባከነ ነበር።

ሁለተኛ፤ ውሃን በተመለከተ።

በበጋው መጨረሻ ቅጠሏ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ይሆን ጀመር። እንዲህ ያለች ጽጌረዳ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ፣ ውሃው እስከ ሥሯ እንዲዘልቅ በዝግታ መጠጣት አለባት። የእኔ ቧንቧ ግን ሲከፍቱት ያስላል እንጂ አይፈስም ነበር። ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። መጥቶ የግንቡን ሥር እስከ ወገቡ ቆፈረ። ክንድ የሚያህል አዲስ ቱቦ ከመንገዱ መስመር ላይ ተቀጥሎ፣ በግንቡ ሥር አልፎ፣ መኪናዎ በየማለዳው ወደሚታጠብበት፣ ከጣቢያው ጎን ወዳለው መኖሪያ ግቢዎ ሲገባ አገኘው። ሳቁን መያዝ የማይችል ሰው ነው፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ «ሲስተር፣ ጽጌረዳዎን የያዛት ጥማት አይደለም፤ ጎረቤት ነው» አለኝ። ያንኑ ወጥቶ ጀሪካን ይዘው ለተሰለፉት ሰዎች ነገራቸው። እነሱም ሳቁ፤ ሳቁ እስከ ቢሮዎ እንደ ደረሰ ግልጽ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ጉድጓዱን ሊደፍንልኝ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሁለት ፖሊሶች ከደጃፌ ላይ «ለአንድ ጥያቄ እንፈልግሃለን» ብለው ወሰዱት። የቧንቧ መፍቻውን ከበሬ ሥር አስቀምጦ «ለምሳ እደርሳለሁ» አለኝ። አንዱ ጥያቄ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ስለ ትዕግሥትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ለሰፈሩ የውሃ ችግር ሁለት ዓመት ሙሉ አምስት ደቂቃ ያጡ ሰው፣ ለአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ያን ያህል ጊዜ መስጠትዎ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ አቤቱታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ቢሆንም በቁጥር እንዲያዝልኝ እለምናለሁ።

በሪፖርትዎ ላይ በተጻፈው ሰዓት፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተኩል፣ መሰላል ላይ ነበርሁ። የአንሶላ ቅዳጆች በጥርሴ ይዤ፣ ሪፖርቱ ሰው ወጣበት ባለው በዚያው ግንብ ላይ፣ በዚህ ዓመት የበቀለውን ረጅሙን ዘንግ አጋድሜ እያሰርሁ ነበር። ሰው ግንቡ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቴን ረግጦ ነበር የሚያልፈው።

የሰማሁት ሌላ ነው። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከቁስል ጋር የኖረ ሰው ዱላ ሥጋ ሲያገኝና አጥንት ሲያገኝ ድምፁ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ሥጋ ነበር። አንድ፣ ሁለት እያልሁ ቆጠርሁ፤ ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም። አሥራ አራት ስል ድምፁ ተለወጠና መቁጠሬን ተውሁ። ከዚያ ጮኸ። የመሰላሌን ሲጥ ሲጥ ማለት በቀዳዳው በኩል ሰምቶት ይሆን፣ ወይም ማክሰኞ ማክሰኞ ጽጌረዳዬን እንደማስር ስለሚያውቅ ይሆን አላውቅም፤ የጠራው ግን እናቱን አልነበረም። «ሲስተር! ሲስተር፣ ይድረሱልኝ!» ነው ያለው። ሦስት ጊዜ።

እኔም አንድ ቋጠሮ ቋጠርሁ። ከዚያ ሁለተኛ ቋጠርሁ። እጄ ሥራውን አላቆመም፤ ሦስተኛውንም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቼ በጥንቃቄ ቋጠርሁ። ዝም አይነቅዝም እየተባልሁ ያደግሁ ነኝ፤ እነሆ የእኔ ዝምታ ሰባት ዓመት ቅጠል ለብሶ ውስጡ ነቅዞ ኖሯል። አፍሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እርስዎም እንዲያፍሩ አይደለም፤ የማይቻል ነገር ከሰው አልጠይቅም።

ድምፁ ጸጥ ሲል፣ በኋላም የውሃ ጎማ ሲንፎለፎል ስሰማ ወረድሁ፤ ጉልበቴ እንደ ፈቀደ ዞሬ ዋናው በር ደረስሁ። በረኛው ፖሊስ የልጅ አባት ነው፤ የልጁን ጆሮ አጥቤለት አውቃለሁ። «ሲስተር፣ ይመለሱ፤ ሰውዬው ሊያመልጥ ሲል የእርስዎ ጽጌረዳ ላይ ወድቆ ነው» አለኝ። «እኔ ከጽጌረዳዬ ላይ ነው የመጣሁት» አልሁት። ሻሼ ላይ ያለውን ቅጠል አየና ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። በሩን ግን አልከፈተም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ጅቡ ግን አልሄደም፤ ቢሮው ነው ያለው።

አራተኛ፤ ተከሳሿ ያለ ፍርድ የተገደለችበትን ሁኔታ በተመለከተ።

ባለፈው ሐሙስ ባዶውን መስመር ባዶውን መለስሁልዎ፤ ከጎኑም «እሾህ የላትም» ብዬ ጻፍሁበት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች ገጀራና መጋዝ ይዘው፣ «አደገኛ እሾሃማ ተክልን ስለማስወገድ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አንጠልጥለው መጡ። ፍጥነትዎ ያስደንቃል፤ የመንገዳችን መብራት ከተሰበረ አራት ዓመት ሆኖታልና።

ለሦስቱ ሰዎች የተሰጣቸው እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት ሁለት ጥንድ ብቻ ነበር። ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ቆሞ በመጋዙ ጫፍ ይነካካት ነበር፤ ፀሐይ በረታችና ሁለቱም ጓንታቸውን አውልቀው ጣሉ። ሰባት ዓመት የጠነከረ ዘንግ እንደ እጅ አንጓ ይወፍራል፤ ገጀራው እየነጠረ ሲመለስባቸው ተናደው ይጨፈጭፏት ጀመር። ከነአበባዋ፣ ከነቡቃያዋ ከታተፏት። በመጨረሻም ግንዷ ላይ ገመድ አስረው በመኪና ጎትተው ሥሯን ነቀሉት፤ የግንቡም ልስን አብሮ ወረደ። እህቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሰው እየገደሉ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ጽጌረዳዋን ነው» አልኋት። «ታዲያ ድምፁ ለምን አንድ ሆነ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማልቀስ አይደለም። ሦስቱ ሰዎች ያንን «አደገኛ እሾሃማ ተክል» በባዶ ክንዳቸው እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነው ወደ መኪናው የጫኑት። አንደኛው እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሶ ነበር፤ ሌላው ደግሞ አበባ ቆርጦ ጆሮው ላይ ሰክቷል። ፊት ለፊታችን ያለው ፎቶ አንሺ ከመስኮቱ ሆኖ አሥራ አንድ ፎቶ አንሥቷቸዋል። አንዱም ላይ ጭረት የለም። ማስረጃ ለማጥፋት ልከው ማስረጃ ስላሠሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አምስተኛ፤ በምትኩ ስለ ተላከልኝ ስጦታ።

ዛሬ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከፍርድ ቤቱ ሰው መጥቶ ቦታውን እንደሚያይ እርስዎም ሰምተዋል። ስለዚህ ነው መሰለኝ ሰኞ ዕለት እኔና እህቴ ቧንቧ ሠራተኛውን ልንጠይቅ ሆስፒታል በሄድንበት ሰዓት አንድ ሌላ ጽጌረዳ አምጥተው በተነቀለችው ቦታ ተከሉልን። ይህችኛዋ እሾህ አላት፤ ኧረ እሾህ ብቻ ናት። በሽቦ ጥርቅም አድርገው ከግንቡ ጋር አሥረዋታል። ከችግኝ ቤት የመጣችበትን ጥቁር ላስቲክ እንኳ ሳያወልቁ ከነላስቲኩ፣ ከነሻጩ ወረቀት ቀብረዋታል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን የሰኞ ነው። ከተክል ይልቅ ሰው መቅበር የለመደ እጅ እንዲህ ይሳሳታል። አበባዋ ቀይ ነው። የሰባት ዓመት ጽጌረዳ በአንድ ቀን ቀለም ለውጣ፣ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ ወርዶ፣ እሾህ አውጥታ ስታድር አይቼ አላውቅምና መጀመሪያ ሳቄ መጣ።

ሳቄ ግን አንድ ሌሊት ነው የቆየው። ለእህቴ ሳልነግራት ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዷ ባዶውን ግንብ በእጇ እየዳሰሰች ወጣች፤ ዝቅ ብላ ሥሯ የነበረበትን ቦታ ስትዳስስ እጇ ቅጠል ነካ። «መጣች እንዴ?» አለችና በደስታ ጨብጣ ያዘቻት። ሙሉ መዳፏን ነው የጨበጠችው፤ እጇን ለመሳብ ስትታገል ደግሞ ሽቦው አልላላላትም። ስደርስ ደሙ በክንዷ ላይ ወርዶ ቀሚሷን አርሶታል። ስድስት እሾህ በወረንጦ ነቀልሁላት። አላለቀሰችም፤ ያሳፈራት መታለሏ እንጂ ቁስሉ አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ በዚያች ሰዓት በልቤ ገደልሁዎት። መቀሱ በእጄ ነበር፤ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደምቆርጥ አንድ በአንድ አሰብሁት። ሙያዬ ስለ ሆነ የትኛው ጅማት የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለገኝም። ከዚያ የእህቴን መዳፍ እያጠብሁ ሳየው ቁጣዬ ሌላ ሥራ አገኘ። የጽጌረዳ እሾህ ቁስል ይህ ነው፤ ቀጭን ነው፣ እንደ ድመት ጭረት ነው፣ ዳር ዳሩ ደም ያንጠባጥባል፣ ያብጣል፣ በሳምንት ይድናል። ቧንቧ ሠራተኛው ላይ እንዲህ ያለ ቁስል አንድም የለም። ለካ ማወዳደሪያ ልከውልን ኖሯል።

አንድ መዳፍ ብቻ ማስረጃ አይሆንም ይባላል ብዬ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤትና ፎቶ አንሺውን ጠራኋቸው። በእነሱ ፊት እጅጌዬን ሰብስቤ በስጦታዎ ውስጥ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትሁት፤ አወጣሁት፤ ደግሜ ከተትሁት። ሦስተኛውን ፎቶ አንሺው አላስደረገኝም፤ «ሲስተር፣ በቃ፣ ስለ ፈጣሪ!» ብሎ ያዘኝ። ባይዘኝም ይበቃ ነበር። ደሜን ሳላጥብ ሆስፒታል ሄድሁ፤ ሐኪሙ የእህቴን መዳፍ፣ የእኔን ክንድና የቧንቧ ሠራተኛውን ጀርባ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ ላይ መዝግቦ ሦስቱንም ለፍርድ ቤቱ ልኳል። በቅጹ ላይ «እሾህ አጥንት አይሰብርም» የሚል መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ ባለመገኘቱ አልተጻፈም።

የቧንቧ ሠራተኛው ባለቤት አጠገቡ ተቀምጣ በማንኪያ ስታጎርሰው አየኋት። «ሲስተር፣ የቤታችን ምሰሶ ያ እጅ ነበር» አለችኝ፤ አልወቀሰችኝም። እሱም ከንፈሩ እብጠቱ ስላልጎደለለት በጭንቅ «ሰምተውኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰምቼሃለሁ አልሁት። ነገም ይህንኑ ችሎት ፊት ቆሜ ለመናገር ቃል ገብቼለታለሁ።

የማቀርበው ልመና ብዙ አይደለም። ነገ ከእኔ በፊት ቀርበው ሪፖርቱን ቢያነሡ ሰንሰለቱ ከእግሩ ይፈታል፤ ካላነሡም አሥራ አንዱን ፎቶ ከቃሌ ጋር ለዳኛዋ አቀርባለሁ። ስጦታዎን ደግሞ ከችሎቱ በኋላ ሰው ልከው ይውሰዷት። የፍርድ ቤቱ ሰው እስኪያያት ድረስ ላስቲኳን ሳልቀድላት ስለ ቆየሁ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ከጎረቤት በባልዲ ለምኜ ውሃ አጠጣኋት። እሾህ ማብቀሏ ተፈጥሮዋ ነው፤ ማንንም ልትጎዳ ከቤቷ አልወጣችም።

በመጨረሻም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብሰናበት ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በሰው ገላ ውስጥ ሁለት መቶ ስድስት አጥንት አለ። እርስዎ ከነዚህ ሰባቱን ብቻ ሰብረው የቀሩትን መቶ ዘጠና ዘጠኝ ስለ ተዉልን፣ ባለቤቱም ልጆቹም ሰፈሩም በአንድነት እናመሰግናለን። ግንቡም አሁን ባዶ ስለ ሆነ ከክፍሉ የሚወጣው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማናል። መሰላሌን ከቦታው አላነሣሁትም። ሰፈሩም በየተራ ሊወጣበት ተመዝግቧል።

ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ጆሮና የሚያንቀላፋ ኅሊና እየተመኘሁልዎ፣ የተጎዳውን ክንዴን በአክብሮት ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

የግንብ ተጋሪዎ፣
ጡረታ የወጣችው ሲስተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቧንቧ ሠራተኛው ጀርባ ላይ ሐኪሙ ዘጠኝ ቦታ አንድ ዓይነት ምልክት አግኝቷል፦ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ጣት ስፋት ያለው፣ መካከሉ ላይ ኮከብ የታተመበት። በማስመሪያ ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ለዳኛዋ ልኮታል። ነገ ችሎት ሲቀርቡ እባክዎ ቀበቶዎን ታጥቀው ይምጡ።